የሾፌሩ ጭቃ

ሠላሳ አንድ ዓመት መሪ ጨብጫለሁ፣
ቦለስዋቪየትስን በጎማ ለክቻለሁ፤
ከባቡር ድልድዩ እስከ ወንዙ ማዶ
የቱ ጥግ እንደሚከዳ ሲጋገር በረዶ።
ጡረታ የወጣሁ ዕለት የእጅ ሰዓት ሰጡኝ፤
እጄን የት እንደማኖረው ግን አልነገሩኝ።

ሥራ ያጣ እጄ እራት ላይ ይዞራል፣
የሾርባ ሳህኑን ወደ ግራ ይጠመዝዛል።
እህቴ ሃልሽካ ታከታት አንድ ማታ፤
«ቦዤና ጋ ሂድና ጭቃ አቡካ፤
ለሳህኔም ስጠው ፋታ።»

የትምህርት ቤቱ ምድር ቤት፤ ጣሪያው ዝቅ ያለ፤
እርጥብ ግድግዳ ይሸታል፣ ግን ሙቀት አለ።
ስምንት መንኮራኩር፣ ስምንት በርጩማ፣
በቧንቧው የሚወርድ ዝናብ የሚሰማ።
«መጀመሪያ መሃል» አለች ቦዤና፣
«መሃሉን ያላገኘ ምንም አይሠራምና።»

ፔዳሉን ረገጥኩት፤ ይህን እንኳ አውቃለሁ!
ጭቃው ወደ ግራ ሲል ወደ ቀኝ እመልሳለሁ፤
ወደ ቀኝ ሲል ወደ ግራ፤
እጄ ሾፌር ነውና ሳይጠመዝዝ አይሠራ።
ጭቃው በረረና ቪየስዋቭ ሽርጥ ላይ አረፈ።
(የጥርስ ሐኪም ነው፤ ብዙ ምራቅ ያየ፤
ዝም ብሎ ጠረገና አለፈ።)

ቦዤና መጣችና እጄን በእጇ ያዘች፤
«አትንዳው» አለች፤
«እሱ ይዙር። አንተ ቁም።
ፌርማታ ሁን።»

ፌርማታ!
ሠላሳ አንድ ዓመት እየቆምኩ ያለፍኩት፤
ለካ እሱ ነው ቋሚው፤ እኔ ነኝ የዞርኩት።

በአምስተኛው ሳምንት አንድ ኩባያ ወጣኝ፤
ወፍራም፣ ጎባጣ፣ እጀታው ጆሮ የመሰለ፤
አየሁት፣ ደግሜ አየሁት፣ «ይኸው፣ አለ!»
በቅጡ አላቦካሁትም፤ ችኮላ ነው ነገሩ፤
ትንሽ አየር ነበረች ተደብቃ ከሥሩ።
እቶን ውስጥ ፈነዳ። ሌሊት። ማንም ሳይሰማ።
ብቻውን አልሄደም፤ ጎረቤቱን ጨረሰ፤
የኪንጋን ሽመላ አንገቷን በጠሰ።

ኪንጋ አሥራ ስድስቷ ነው። ላባውን በመርፌ ጫፍ
አንድ ባንድ ጭራ ነበር፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ።
አላለቀሰችም። ስባሪውን ለቀመች፤
«ሁለተኛ በደንብ አቡካው» ብላ ጭቃ ሰጠችኝ፤
በርጩማዋን ግን አራቀች።

ከገና በኋላ መንኮራኩሩ ቆመ።
«የምታውቁትን ፊት» አለች ቦዤና፣ «በእጃችሁ ብቻ»።
ቪየስዋቭ ሠላሳ ሁለት ጥርስ ደርድሮ ከንፈር ከደነበት፤
«መኖሩን እኔ አውቃለሁ» አለ ሲጠይቁት።

እኔስ የማውቀው ፊት? ስንቱን አሳፍሬ!
አንዲቷን መረጥኩ፤ ከሆስፒታሉ በር፣ ጎሕ ሲቀድ፣
ከሌሊት ተረኝነት እንቅልፍ እያንገዳገዳት ስትሄድ፣
ሁልጊዜ ሁለተኛው ወንበር።
ግንባሯን አወጣሁ፣ ሁለቱን መስመር፤
ቅንድቧን፤ ዐይኗን፤ ከሥሩ ያበጠውን፤
እጄ አልተሳሳተም፣ አንዱንም አልረሳ።
ወደ አፍንጫዋ ወረድኩ፤ ከዚያ በታች
ቆምኩ።
ከንፈሯ? አገጯ?
አላውቅም።

በመስታወት ነዋ ያየኋት፤ መስታወቱም ጠባብ፤
ከግንባር እስከ ዐይን ብቻ የሚነበብ።
አሥራ አራት ዓመት «እንደምን አደሩ» አለችኝ፤
ያለችበትን አፍ ዞሬ አላየሁም፤ መንገዱ ያዘኝ።

የሃልሽካን አፍ ሰጠኋት፤
ሳህኔን ተው ልትለኝ መሰለኝና ነቀልኩት።
ቦዤና አጠገቤ ቆመች፣ ብዙ አየች፤
«እዚህ ላይ አቁም» አለች፤ ሌላ ሳትጨምር ሄደች።
አቆምኩ።
ማቆምስ ሙያዬ ነው።

አሁን በመስኮታችን ደፍ ላይ ግማሽ ፊት አለ፣
ከዐይኗ በታች በሽቦ የተቆረጠ።
አጠገቡ ሁለተኛው ኩባያ፤ ወደ ቀኝ ያጋደለ፣
አሮጊት ሊያሳፍር ዝቅ እንዳለ አውቶቡስ፤
ሻይ እስከ አፉ አይሞላም።

የኪንጋ አዲሷ ሽመላ ከእቶን በደህና ወጣች፤
ከላይኛው መደርደሪያ፣ ከሥራዬ ርቃ ተቀመጠች።
«ያሁኑ አየር የለውም» ብዬ ማልኩላት።
«ይሁን» አለች፣ ፈገግ ብላ፤
ግን አላወረደቻትም።